ኪሱ ውስጥ ጉሎ የተገኘበት ልጅ

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን እትዬ። የምኖረው ደሴ ነው፣ ከጦሳ ግርጌ። የ9 ዓመት ወንድ ልጅና የ5 ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ። ባለቤቴ ኮምቦልቻ ስለሚሠራ ቅዳሜና እሁድ ልጆቹን ይዤ እወርዳለሁ። ባለፈው ሳምንት የወንዱን ሱሪ ላጥብ ብዬ ኪሱን ስፈትሽ ከ20 በላይ የጉሎ ፍሬ አገኘሁ። ኮምቦልቻ ከአጥር ሥር ለቅሞ ለገበጣ ጠጠር ሊያደርጋቸው ነው። ታናሿ አንዷን አፏ ውስጥ ከትታ ‹አይጣፍጥም› ብላ ተፍታለች። እኔ ጮህኩ። እሱ ግን ገርሞት ‹አያቴ ምጣድ የምታስስበት አይደል እንዴ?› አለኝ። የምመልሰው አጣሁ። ባለቤቴ ‹ከእንግዲህ ቅጠል የነካ ልጅ ይገረፋል› ብሏል። እናቴ ደግሞ ‹ልጅ ዕፅዋቱን ካላወቀ ምኑን የወሎ ልጅ ሆነው? ይዤው ወጥቼ ሁሉንም አሳየዋለሁ፣ መድኃኒቱንም አስተምረዋለሁ› ትላለች። የማንን ልስማ? ላስፈራራ ወይስ ላስተምር? የሁለት ልጆች እናት፣ ከደሴ።»

እህቴ፣ መጀመሪያ አብሽሪ። ሳምንት አልፏል፣ ልጅሽም ደህና ናት። የጉሎ ፍሬ ቅርፊቱ ጠንካራ ነው። ሳይታኘክና ሳይሰበር ከተተፋ መርዙ የሚወጣበት መንገድ የለውም። ብታኝከው ኖሮ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ጉሎ ውስጥ ሪሲን የሚባል ኃይለኛ መርዝ አለ። ጥቂት ፍሬ እንኳ ከታኘከ ትንሽ ልጅን ሊገድል ይችላል። ክፋቱ ደግሞ ወዲያው አይታወቅም። ትውከቱና ተቅማጡ የሚጀምረው ሰዓታት ካለፉ በኋላ ሊሆን ይችላል፤ ቤተሰብ «ምንም አልሆነም» ብሎ ከተረጋጋ በኋላ። ስለዚህ መጮህሽ አያሳፍርሽ።

የልጅሽ ጥያቄ ግን መልስ ይፈልጋል። ደብዳቤሽን ሳነብ እዚያ ላይ ቆምኩ። «አያቴ ምጣድ የምታስስበት አይደል?» ይህ ልጅ አልባለገም። አስቧል። ቤት ውስጥ ያየውን ነገር ውጭ ካገኘው ጋር አገናኝቷል። እንዲህ የሚጠይቅ ልጅ በቀላሉ ይማራል፤ የሚመልስለት ሰው ካገኘ።

መልሱ ይኸውልሽ። ጉሎ ውስጥ ዘይትም አለ፣ መርዝም አለ። ጉሎው ሲጨመቅ መርዙ ከዘይቱ ጋር አይወጣም፤ ፋጉሎው ውስጥ ይቀራል። ለዚህ ነው የጉሎ ዘይት በፋርማሲ ሲሸጥ የኖረው። ምጣድ ሲታሰስ ደግሞ የሚነካው በጣም ጥቂት ነው፣ ምጣዱም የጋለ ነው፣ ሙቀት መርዙን ያዳክመዋል። ለልጅሽ ይህንኑ በቀላሉ ንገሪው፦ «አያትህ የምትጠቀምበት ዘይቱን ነው፤ ፍሬው ግን ከታኘከ ይገድላል።» የ9 ዓመት ልጅ ይህ ይገባዋል። እናትሽንም አደራ በያት፤ የጉሎው ዕቃ ከምጣዱ ሥር ከሚቀመጥ ከፍ ብሎ ይሰቀል። አምስት ዓመት ያልዘለለች ልጅ ባለችበት ቤት ውስጥ ጉሎና ሽምብራ ጎን ለጎን መቀመጥ የለባቸውም።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። ስጋቱን እረዳዋለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ከልጆቹ ርቆ የሚውል አባት እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ። በአንድ ነገርም ልክ ነው፤ ትንሽ ልጅ ካለበት ግቢ ጉሎ ይነሳ። ጉሎ ሲደርቅ እየፈነዳ ፍሬውን ስለሚበትን አረንጓዴ ሳለ ዘለላውን መቁረጥ ይሻላል። በዱላው ግን አልስማማም። ለምን እንደማልስማማ የራሴን ልንገርሽ።

እኔም ደሴ ነው ያደግሁት። ክረምት ሲሆን ኮምቦልቻ አክስቴ ዘንድ እንወርድ ነበር። የአክስቴ አጥር ቅንጭብ ነበር። ሕጉ አንድ ነው፦ «ቅንጭብ የነካ ወየውለት!» ለምን እንደሆነ ማንም አልነገረንም። ሰባት ወይ ስምንት ዓመቴ ነው። ከአክስቴ ልጅ ጋር ቅንጭቡን በዱላ እየመታን የጦርነት ጨዋታ ስንጫወት ወተቱ ተፈናጥሮ ዓይኔ ውስጥ ገባ። እሳት ነው የገባብኝ። ግን አልጮህኩም። ዱላውን ፈራሁ። ጓዳ ገብቼ ነጠላ ተከናንቤ «እንቅልፌ መጣ» አልኩ። ዓይኔን እያሸሁ ዋልኩ። ሲመሽ አልከፈት አለኝ። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ተወሰድኩ። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀኝ «መቼ ነው የገባብሽ?» ብሎ ነበር። «ትናንት ጠዋት» ስል አክስቴ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። አንድ ሳምንት ያህል ብርሃን ማየት አልቻልኩም። ዓይኔ ዳነልኝ፣ አላህ ይመስገን። ወዲያው በውኃ ታጥቦ ቢሆን ግን ያን ያህል አልሰቃይም ነበር። ቅንጭቡ አንድ ጊዜ አቃጠለኝ። ቀኑን ሙሉ ያስተኛኝ ግን ፍርሃቱ ነው።

ስለዚህ እህቴ፣ ለልጆችሽ ከሁሉም በፊት እንዲገባቸው የምፈልገው የአንድም ተክል ስም አይደለም። የቀመሱትንና የነኩትን ለመናገር እንዳይፈሩ ነው። በአገራችን ወደ 6,000 የሚጠጉ የዕፅዋት ዓይነቶች አሉ። ሁሉንም የሚያውቅ እናትም አያትም የለም። ልጅሽ አንድ ቀን የማያውቀውን ነገር መንካቱ አይቀርም። ያን ቀን ወደ አንቺ ይሮጣል ወይስ ከአንቺ ይሸሻል? ይህን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፣ ዛሬ።

ሕጉ አጭር ይሁን። ለእሱ «ሳታሳየኝ አትቅመስ፤ ከቀመስክም ንገረኝ፣ አልቆጣህም።» ለእሷ «ሳታሳዪኝ አትቅመሺ።» ለአምስት ዓመት ልጅ ይህ ይበቃታል፤ ስም አትጨምሪባት። «አልቆጣህም» ያልሽውን ግን ጠብቂ። አንድ ጊዜ ነግሮሽ ከገረፍሽው ሁለተኛ አይነግርሽም። ባለቤትሽም ይህን ቃል አብሮ መስጠት አለበት። እናት ማርልኝ ብላ አባት ከገረፈ የእንቧይ ካብ ነው።

እንቧይ ካልኩ ላይቀር እሱም ከልጆች ጨዋታ አይጠፋም። ቢጫው ፍሬ ትንሽ ኳስ ይመስላል፣ በየመንገዱ ዳር አለ። ይወረወርበት፣ አይቀመስ። ከተጫወቱበት በኋላ እጅ መታጠብ አለበት።

ከባዱ ነገር ልጆች በራሳቸው የሚያወጡት ምልክት ነው። ልጅ ብልህ ነው፤ ካልነገርሽው ሕጉን ራሱ ይሠራል። «ወፍ ከበላው ሰው ይበላዋል።» «ፍየል ከበላችው ምንም የለውም።» «ከጣፈጠ መርዝ አይደለም።» እኛም ልጅ ሆነን እንዲህ እንል ነበር። ሦስቱም ስህተት ናቸው። ወፍም ፍየልም ሰውን የሚጎዳ ነገር በልተው ደህና የሚሆኑበት ጊዜ ብዙ ነው። ስሙ ራሱ የሚያታልልም አለ። ኮምቦልቻ ዙሪያ በየአጥሩ የሚታየውን የወፍ ቆሎ ታውቂዋለሽ። አበባው ባለ ብዙ ቀለም ነው፣ ፍሬው ሲበስል ይጠቁራል። ቆሎ ሲባል የሰማ ልጅ ምን ያድርግ? ይቅማል። በተለይ አረንጓዴው፣ ያልበሰለው ፍሬ መርዛማ ነው። ለልጅሽ «ቆሎነቱ ለወፍ ነው» በዪው። ይያዝለታል።

ቁልቋልም እንዲሁ ነው። አንዳንዱ ሰው በለሱንም ቁልቋል ይለዋል። አንዱ ወፍራም ግንድ ያለው፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያንጠባጥብ፣ ዓይን የሚያጠፋ ነው። ሌላው እንደ መዳፍ ጠፍጣፋ ነው፣ ፍሬው ተልጦ ይበላል። ልጅ በስሙ ከሄደ ይሳሳታል። ስለዚህ በመልኩ አሳዪው፦ ቁልቋል የተባለው ሲሰበር ነጭ ወተት ካለው፣ እጅም ዓይንም አይደርስበትም። በለስም ቢሆን ልጣጩ ላይ ያለው ደቃቅ እሾህ ምላስ ላይ ከተተከለ ቀኑን ሙሉ ያስለቅሳል። ትልቅ ሰው ይላጥላቸው።

አሁን የምነግርሽ ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል። አጋምና ምረንዝ። አጋምን የማይወድ ልጅ አላውቅም። ጥቁር፣ ጣፋጭ፣ ከንፈር የሚያቀላ። እኛ ቆርቆሮ ሙሉ ለቅመን እንመለስ ነበር። ምረንዝ ደግሞ ያው ቁጥቋጦ ነው። ቅጠሉ ጠንካራና የሚያብለጨልጭ፣ አበባው ነጭና መዓዛው ደስ የሚል፣ ፍሬው ሲበስል ጥቁር ወደ ሐምራዊ የሚያደላ። ሁለቱም ሲሰበሩ ነጭ ፈሳሽ አላቸው። ምረንዝ ግን አዳኞች ለዘመናት ፍላጻ የቀቡበት መርዝ ነው። ልብን ነው የሚመታው። በሚገባ የበሰለውን ፍሬ የሚበሉ ሰዎች አሉ፤ ልጅሽ ይህን ሰምቶ ሊመጣ ይችላል። ያልበሰለው ፍሬ፣ ቅጠሉና ቅርፊቱ ግን ገዳይ ናቸው። በሰለ አልበሰለም ብሎ መለየት ደግሞ የልጅ ሥራ አይደለም።

ልዩነቱ እሾህ ነው። አጋም እሾህ አለው፣ ምረንዝ የለውም። ልጅሽ እንዲህ ብሎ በቃሉ ይያዘው፦ «እሾህ የሌለው አጋም የለም።» ግን ተጠንቀቂ፤ «እሾህ ያለው ሁሉ ይበላል» ብሎ እንዳይገለብጠው። እንቧይም እሾህ አለው። አጋም ለመልቀም ሲወጣ መጀመሪያ ጥቂት ጊዜ ከአያቱ ጋር ይሁን። የለቀመውን ሁሉ ከመብላቱ በፊት ያሳያት። አጋም ውስጥ የገባ ባዕድ ፍሬ ካለ እሷ ታውቀዋለች።

ሌላው አስተናግር ነው፣ አጤ ፋሪስም የሚሉት አሉ። ጫካ አትፈልጊው። ቆሻሻ የሚጣልበት ባዶ ቦታ፣ የፈረሰ አጥር ሥር፣ የእርሻ ዳር፤ እዚያ ነው የሚበቅለው። አበባው ነጭ ጥሩንባ ነው፣ ቅጠሉ ሲታሽ ይከረፋል፣ ፍሬው እሾሃም ክብ ነው። ሲደርቅ ተሰንጥቆ ጥቃቅን ዘሩን ይበትናል። ስሙ ራሱ ምን እንደሚያደርግ ይናገራል። የበላው ልጅ አፉ ይደርቃል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ሰውነቱ ይግላል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ልቡ በኃይል ይመታል። ከዚያ የሌለ ነገር ያያል፤ ከሌለ ሰው ጋር ያወራል።

እዚህ ላይ ግልጽ ልሁን። እንዲህ የሆነ ልጅ ሲታይ ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያስበው ሌላ ነው። «ለከፈው» ይባላል። «ጂን ነው» ይባላል። ጠበልም ዱዓም የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፣ እምነታችሁን አልነካም። ግን ትናንት ደህና የነበረ ልጅ ድንገት ቢቀባጥር፣ ዓይኑ ጠቁሮ ቢሰፋ፣ ፊቱ በርበሬ ቢመስል፣ መጀመሪያ ሐኪም ቤት። ጸሎቱን በባጃጁ ውስጥ አድርሱት። ሰዓቱ የልጁ ነው።

እንጉዳይን በአንድ ቃል ልለፈው። የጅብ ጥላውን ከሚበላው እንጉዳይ የመለየት ትምህርት ለልጅ አይሰጥም። አዋቂም ይሳሳታል፤ የአንዳንዱ መርዝ ደግሞ በመቀቀል አይጠፋም። ልጅ እንጉዳይ ለቅሞ አይብላ፤ አለቀ።

እናትሽን በጣም ወደድኳት። ልክ ናት፤ የወሎ ልጅ ዕፅዋቱን ማወቅ አለበት። አደስና አሪቲ በሚሸትበት ቤት ያደገ፣ የወተት ዕቃ በወይራ ሲታጠን ያየ ልጅ ነው። ታዲያ የት ትጀምር? ከመርዙ አትጀምር። ከመልካሙ ትጀምር፣ ያውም በማሽተት። ዓይኑን በነጠላ ሸፍናው ጦስኝ ታሽተው፣ ከዚያ ዳማ ከሴ፣ ከዚያ ጤና አዳም። ስሙን በአፍንጫው ያግኘው። ታናሿም ይህን ጨዋታ ትችላለች፤ ልታሸንፈው ሁሉ ትችላለች። ሰኞ ገበያ ስትሄድ ይዛቸው ትሂድ። ቅጠል ከሚሸጡት እናቶች ፊት ቁጭ ብሎ «ይሄስ ምንድን ነው? ለምን ይሆናል?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ በአንድ ጠዋት ብዙ ይማራል።

ከዚያ ወደ ውጭ ይውጡ። በአንድ ቀን ከአምስት በላይ አታሳየው፣ ይደበላለቅበታል። ለእያንዳንዱ ሦስት ነገር ይያዝ፦ ስሙን፣ መልኩን፣ ሥራውን። ግራዋ ጋን ይታጠብበታል። ቀጋ ቀዩ ፍሬው ይበላል፣ ውስጡ ያለው ጸጉራም ዘር ግን ጉሮሮ ስለሚያሳክክ ይጣላል። ሳማ ይለበልባል፤ ግን ተቀቅሎ ወጥ ይሆናል፣ ሲበስል መለብለቡን ይተዋል። ለልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ያው ቅጠል እጅ ያቃጥላል፣ ያው ቅጠል ሆድ ይሞላል። አንድ ቀን ሳማውን በጓንት ወይም በፌስታል አስቆርጪውና አብራችሁ ሥሩት። «መጥፎ ተክል» «ጥሩ ተክል» ብለሽ ለሁለት ከከፈልሽለት እሳማው ጋ ሲደርስ ይምታታበታል። ይልቅ «ይሄ በምን ይጠቅማል? በምን ይጎዳል?» ብሎ መጠየቅ ይልመድ። ጤና አዳም እንኳ ቡና ውስጥ ሲገባ መልካም ነው፤ ጭማቂው ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ከመታው ግን ሊያቆስል ይችላል።

ይህን የሚያስረዳ ታሪክ ካስፈለገሽ የእንዶድን ንገሪው። እናቶቻችን ነጠላ ያጥቡበት የነበረው እንዶድ ማለቴ ነው። ፍሬው ከተዋጠ ሆድ ያውካል፣ ያስመልሳል፣ ሊገድልም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት አድዋ ውስጥ ወንዝ ዳር ሆነው ልብስ የሚያጥቡ ሴቶችን አዩ። ሴቶቹ በእንዶድ ካጠቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተከምረዋል። ከዚያ በላይ ያሉት በሕይወት አሉ። እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው የብልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉት። ዶክተሩ ከዚህ ተነሥተው እንዶድ ብልሃርዚያን ለመከላከል እንደሚያገለግል አጠኑ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ልጅሽ ልብስ ሲታጠብ ቆሞ ያየ ሰው ምን እንዳገኘ ይስማ። እሱም እኮ አያቱ ምጣድ ስታስስ ቆሞ ያየ ልጅ ነው።

እናትሽን በአንድ ነገር ብቻ ልያዛት። መድኃኒቱን ለጊዜው ትተወው። የሚታሸተውን፣ የሚታጠንበትን፣ የሚታጠብበትን ታስተምረው። የሚጠጣውን ግን አይሆንም። ኮሶ፣ እንቆቆ፣ ቀጨሞ ከድሮ ጀምሮ ለኮሶ ትል የተጠጡ ናቸው፤ እውነት ነው፣ ይሠራሉ። ግን መጠኑ ሲያልፍ የሚያደርሱትን ጉዳት የድሮ ሰዎች ራሳቸው ያውቃሉ። ኮሶ ጠጥተው የወደቁ፣ ዓይናቸው የደከመ አሉ። ዛሬ ለትሉ እንክብል አለ፣ በልጁ ኪሎ ልክ የሚታዘዝ። የ9 ዓመት ልጅ «ይሄ መድኃኒት ነው» ሲባል የሚሰማው «ይጠጣል» የሚለውን ነው። አንድ ቀን እህቱ ሆዷን ሲቆርጣት «አያቴ አሳይታኛለች» ብሎ ቀቅሎ ያጠጣታል። ከፍቅር ነው የሚያደርገው፤ ጉዳቱ ግን አይቀንስም።

አንድ ነገር አትርሺ፤ እናንተ የምትኖሩት በሁለት አገር ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም ነው፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ግድም። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ሐረጎን ወርደሽ ስትጨርሺ ቅጠሉ ተለውጧል። ላይ ቀጋውና ሳማው በዝቷል፣ ታች ጉሎው፣ የወፍ ቆሎውና ቅንጭቡ። ልጅሽ ደሴ ላይ የተማረው ኮምቦልቻ ላይ አይበቃውም። ታች ያለውን አባቱ ያስተምረው። ይህን ስል አስቤበት ነው። የሚገርፍ አባት ከመሆን ቅዳሜ ጠዋት አጥር ለአጥር ከልጁ ጋር የሚሄድ አባት መሆን ለእሱም ይሻለዋል። ያው እዚያው ፓርቲኒየም የሚባለውን አረም ያሳየው፤ ነጭ ደቃቅ አበባ ያለው፣ በየመንገዱ ዳር የወረረው። እሱን ነቅሎ የሚጫወት ልጅ ቆዳው ያሳክከዋል፣ ያስነጥሰዋል።

ደብተር ስጪው። ያየውን ይሣል፣ ስሙን ይጻፍ፣ የት እንዳየው ይጻፍ። የመልካሞቹን ቅጠል በጋዜጣ መሐል አድርቆ ይለጥፍ። መርዛሞቹን በሥዕል ብቻ።

ክፉ ቀን ከመጣስ? አምላክ አያምጣው። ግን ብታውቂው ይሻላል። ልጅ የማይታወቅ ነገር ከበላ አፉ ውስጥ የቀረውን አውጪለት፣ አፉን በውኃ ይጉመጥመጥ። እንዲያስመልስ ጣት አትክተቺበት። ወተት፣ ዘይት፣ የጨው ውኃ፣ ቡና አትስጪው። እነዚህን ጎረቤት ሁሉ ይመክርሻል፤ አትስሚ። የበላውን ተክል ከነቅጠሉና ከነፍሬው በፌስታል ያዢ፣ በባዶ እጅሽ ሳትነኪው። ሐኪሙ ካየው ብዙ ጊዜ ይቆጥባል። ስንት እንደበላና በስንት ሰዓት እንደበላ ጠይቂው፣ በለስላሳ ድምፅ። ምልክት እስኪታይ አትጠብቂ። ጉሎን አስታውሺ፤ ከሰዓታት በኋላ ነው የሚነሳው።

የቅንጭብ ወይም የቁልቋል ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ወዲያው ንጹሕ ውኃ። ዓይኑን ከፍተሽ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ሳታቋርጪ አፍስሺበት። ያለቅሳል፣ ይጮኻል፣ አንቺ ግን አታቁሚ። እንዳያሸው እጁን ያዢ። የጡት ወተትም ቅቤም አይደረግበትም። ከዚያ በቀጥታ ሐኪም ቤት። እኔ ያን ቀን ያጣሁት ይህን ነው። ውኃው እኮ ጓዳው ውስጥ፣ ከተኛሁበት ሁለት እርምጃ ላይ፣ በእንስራ ሞልቶ ነበር።

አሁን የዚህን ሳምንት ሥራ ልስጥሽ። ከልጅሽ ጋር ቁጭ በዪ። መጀመሪያ ስለጮህሽበት ይቅርታ ጠይቂው፤ «የጮህኩት ስለፈራሁ ነው» በዪው። ከዚያ ያን የምጣድ ጥያቄውን መልሺለት። ሁለት እፍኝ ሽምብራ ስጪው፣ ገበጣውን በሱ ይጫወት። ጉሎዎቹን ግን አንቺ ፈልገሽ አትጣዪ። ራሱ ይሰብስባቸው። አልጋ ሥር የገባውን፣ የትምህርት ቤት ቦርሳው ውስጥ የቀረውን፣ ለጓደኛው የሰጠውን ሁሉ አንድ በአንድ ቆጥሮ ያስረክብሽ። ስንት እንደለቀመ እሱ ያውቃል።